የሳይንስና ቴክኖሎጂ ክበብ በ2017 ዓ.ም. ምን ሠራ?

የድሬዳዋን የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የኮምፒዩተር ክፍላችን ደግሞ ይብሳል። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ መስኮቱ የከሰዓት ፀሐይ ፊት ለፊት ያገኘዋል፣ ኮምፒዩተሮቹም የራሳቸውን ሙቀት ይጨምሩበታል።

ዘንድሮ አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ከጅቡቲ ባለ ጎማ ተንቀሳቃሽ ኤሲ ላከልን። እግዜር ይስጠው። ይህ ዓይነቱ ኤሲ ሙቀቱን በወፍራም ቱቦ ወደ ውጭ ነው የሚተፋው። አብሮት የመጣው የፕላስቲክ መግጠሚያ ግን ለተንሸራታች መስኮት የተሠራ ነው። የኛን መስኮት ታውቁታላችሁ፤ ወደ ውጭ የሚከፈት የድሮ ብረት። መስኮቱን ከፍተን ቱቦውን ብናወጣው ያ ሙቀት ዞሮ ይመለሳል። ስለዚህ ኤሲው ወራት ሙሉ ጥግ ይዞ የደብተር ማስቀመጫ ሆነ።

ክበባችን ሥራውን የተረከበው ያኔ ነው። «የሳይንስ ክበብ ከመቼ ወዲህ ነው አናጢ የሆነው?» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ሐሳባችን የመስኮቱን ክፍተት ቱቦው ብቻ የሚያልፍበት ክብ ቀዳዳ ባለው ነገር መድፈን ነበር። ልጆቹ የቱቦውን ዙሪያ በሜትር ለኩ፤ 47 ሴንቲ ሜትር። ለ3.14 አካፈሉት፤ የቀዳዳው ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወጣ። «ፓይ ምን ያደርግልናል?» የሚለኝ ተማሪ ካሁን በኋላ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ በካርቶንና በስኮች ሞከርን። ሙቀቱ ስኮቹን አላቆ ጣለው። ከዚያ ኮምፐርሳቶ ገዛን። በሚስማርና በክር ክቡን አስምረን፣ በተዋስነው ሴጌቶ ቆርጠን፣ ጠርዙን ስፖንጅ አለበስነው። ለዝናቡ ደግሞ የውጭውን ፊት የዘይት ቀለም ቀባነው። ተገጠመ፣ ተጨበጨበ፣ ክፍሉ ግን አልቀዘቀዘም።

በነጋታው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ የእናቷን የዕጣን ማጨሻ ይዛ መጣች። ብዙ የምታወራ ልጅ አይደለችም። ኤሲውን አስበርታ ጭሱን ወደ ጣውላው የታችኛው ጥግ አስጠጋችው። ቀጥ ብሎ መውጣት የነበረበት ጭስ ወደ ክፍሉ ታጠፈ። «አቦ ቲቸር፣ ይዩት! ከውጭ እየገባ ነው!» ማሽኑ የክፍሉን አየር እየሳበ በቱቦው ወደ ውጭ ስለሚገፋ፣ ክፍሉ የጎደለውን ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ከውጭ ይስባል። ልጅቷ የመስኮቱን ቴላዮ ዙሪያውን በጭስ ፈተሸችው፤ ጭሱ በታጠፈበት ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረገች። እዚያ እዚያ ላይ ስፖንጅ ደረብን፣ ሲሊኮን ሞላንበት።

ከዚያ አንዱ ልጅ በሩንም በጨርቅ ሊወትፍ ተነሳ። ከለከለችው። «የሆነ ቦታ መግባቱ አይቀርም። በፀሐዩ በኩል ከሚገባ በኮሪደሩ ይግባ፤ እዚያ ጥላ ነው።» ይህን እኔ አላስተማርኳትም። ቆሜ ሳያት ምን እንደምላት ጠፋኝ።

ክፍሉ በረዶ ሆነ አልልም። መብራት ሲጠፋም ያው ነን። ግን ከሰዓት በኋላ ትምህርት ይሰጥበታል፣ በደብተር ማራገብም ቀርቷል።

ሌላው እንደወትሮው ነው። የሐሙስ ስብሰባችን አልተቋረጠም። ግንቦት 28 የዓለም የአካባቢ ቀንን ችግኝ በማጠጣት አክብረናል። የሳይንስ ኤግዚቢሽኑ ግን በገንዘብ እጥረት ቀርቷል።

ስለ ገንዘብ ካነሳን፣ ሲሊኮኑም ስፖንጁም የተገዛው ከልጆቹና ከእኔ ኪስ ነው። የስፖርት ክበብ ማሊያ አይገባውም አላልኩም። ግን ወመህ (የወላጅ መምህር ህብረት) የከርሞውን በጀት ሲይዝ የአንድ ማሊያ ዋጋ ስንት ሲሊኮን እንደሚገዛ ቢያሰላልን ደስ ይለናል። የሚቀረን ሥራ አለ። ቱቦው ራሱ ስለሚግል ክፍሉን መልሶ ያሞቀዋል፤ መሸፈን አለበት። ከመስኮቱ ውጭም ጥላ መሥራት አለብን። ሴጌቶውንም ለባለቤቱ መልሰናል። የተረፈ ኮምፐርሳቶ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ ያለው ወላጅ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ብቅ ቢል ቤተ ሙከራ ውስጥ ያገኘናል።