ወሩን ጻፉበት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ

ጢስ አባይ ተወልጄ ያደግኩ አስጎብኚ ነኝ። ቴክኖሎጂ የገጠሩን ሰው ኑሮ ቀየረው ሲባል ሁሌ እሰማለሁ፣ እስኪ እኔም የደረሰብኝን ልናገር ብዬ ነው።

ባለፈው የካቲት ከአዲስ አበባ አምስት ልጆች መጡ። በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የተሰራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግረን፣ አቀበቱን በዛ ፀሐይ ወጥተን ልክ ፏፏቴው ፊት ስንቆም አንዷ ስልኳን አወጣችና ቲክቶክ ላይ ያየችውን እያሳየችኝ "ይሄኛው የታለ?" አለችኝ። ቪዲዮው የነሐሴ ነው፣ ገደሉ ሙሉ በሙሉ ጢስ ሆኖ፣ እኛ የቆምንበት ግን ውሃው በአንድ ጥግ ቅጥን ብሎ ነው የሚወርደው። ጓደኛዋ "የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው" ብሎ ሳቀ፣ እኔን ግን አላሳቀኝም፣ ማታ ጉግል ላይ አንድ ኮከብ የሚሰጠው ለኛ ነዋ!

ነገሩን ለማያውቅ፣ በ1993 ሁለተኛው የጢስ አባይ መብራት ጣቢያ ስራ ሲጀምር ብዙው ውሃ ወደ ተርባይኑ ሄደ፣ በ2002 ደግሞ ጣና በለስ ከሐይቁ በቀጥታ መውሰድ ጀመረ። መብራቱን ማን ይጠላል፣ ግን በጋ ላይ ፏፏቴው እንደ ክረምቱ እንዳልሆነ ለእንግዳው ቀድሞ የሚነግረው የለም። ከተማ ቁጭ ብለው የክረምቱን ቪዲዮ ለጥፈው ሰው የሚሰበስቡት ደላሎች ኮሚሽናቸውን ይዘው ቀርተዋል፣ ስድቡን የምንቀበለው እኛ ነን።

አሁን ምን ጀመርን መሰላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት አንዳችን ወርደን የዛን ቀን ውሃ እንቀርፅና ለሚጠይቀን ሁሉ በቴሌግራም እንልካለን። ትልልቆቹ "እናንተ ልጆች እንግዳ ልታባርሩ ነው" ብለው ተቆጥተውን ነበር። እውነትም የቀሩ አሉ። የመጣው ግን አውቆ ስለመጣ አይናደድም፣ በጀልባ ይሻገራል፣ ቡና ይጠጣል፣ ከሴቶቹ ነጠላ ይገዛል። ድሮ "ዝርዝር የለኝም" እየተባለ ስንቱ ሽያጭ ይቀር ነበር፣ አሁን ቡና የምታፈላው እህታችን እንኳ በቴሌብር ነው የምትቀበለው፣ ኔት ባይኖርም በኮከብ 127 መሰላል ይሰራል። ከነሐሴ 2015 በኋላ ሞባይል ኢንተርኔት ሲጠፋ እሷ በዛ ስትሰራ እኛ ቪዲዮ የምንልክበት አጥተን ቁጭ ብለናል፣ ለነገሩ መንገዱ አስፈርቶ እንግዳውም ጠፍቶ ነበር።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ፏፏቴውን የምትለጥፉ ሰዎች ወሩን ጻፉበት፣ ክረምቱ እኮ ለራሱ ይበቃል። እናንተም አዘጋጆች ብትሆኑ አላለፋችሁም፣ ጥር ላይ ያወጣችሁት ፎቶ የመስከረም ነው፣ አይተን ስቀናል። ዛሬ ጠዋት ያነሳሁትን ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ፣ ውሃው ትንሽ ነው፣ ግን የዛሬ ነው።

አስጎብኚው፣ ከጢስ አባይ፣ ጎጃም