የቅርስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የሥላሴ ማማዎች

የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የማያውቅ ተማሪ የለንም። የአጥሩን ማማዎች የቆጠረ ግን መስከረም ላይ ስንጠይቅ ጥቂት ነበር። 12ቱ ክብ ማማዎች የሐዋርያት ምሳሌ ናቸው፤ 13ኛው የበሩ ማማ የይሁዳ አንበሳ ነው፣ ጅራቱም በምዕራቡ አጥር ላይ ይታያል። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ (የሱዳን የማህዲ ጦር) ጎንደርን ሲያቃጥል አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ጠፍተው ይህ ተረፈ። አበው የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን መለሰው ይላሉ።

ስብሰባችን ሁልጊዜ ዓርብ ነበር፤ የጽዳት ዘመቻውና የጥያቄና መልስ ውድድሩም እንደ ወትሮው ተካሂዷል። የዓመቱ ትልቅ ሥራ አንዱን ማማ ሳይወጡበት መለካት ነው። የ1 ሜትር በትር በቱምቢ (ክብደት በተንጠለጠለበት ገመድ) ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ የበትሩንና የማማውን ጥላ በአንድ ጊዜ መለካት፣ ከዚያ የማማውን ጥላ ለበትሩ ጥላ ማካፈል። ቀትር ላይ ጥላው ስለሚያጥር አይሆንም፤ መሬቱም ሜዳ መሆን አለበት።

አንዱ ቡድን በ2 ሰዓት፣ ሌላው በ4 ሰዓት ለካ። ውጤቱ አልገጠመም፤ የ4 ሰዓቱ አነሰ። ልጆቹ የመለኪያ ሜትሩን ሲወቅሱ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ማማውን ዞራ አይታ፣ «ቲቸር፣ እኛ የለካነው ከግድግዳው ነው፤ ጫፉ ያለው መሃል ላይ እኮ ነው» አለች። የማማው ግማሽ ስፋት ከጥላው ላይ ጎድሎ ነበር፤ ጥላው ባጠረ ቁጥር ደግሞ ጉድለቱ ይጎላል። ማማው ከአጥሩ ጋር ስለተያያዘ ዙሪያውን በገመድ መለካት አይቻልም። ሁለት ጣውላ በ90 ዲግሪ ማዕዘን መትተን አስጠጋን፤ ከማዕዘኑ ጣውላው ማማውን እስከሚነካበት ቦታ ያለው ርቀት ግማሽ ስፋቱ ነው። እሱ በጥላው ላይ ሲደመር ሁለቱ ውጤቶች ተቀራረቡ። ስሕተቱን ያገኘችው በሒሳብ ክፍል ድምፅዋ የማይሰማ ልጅ ናት።

በጽዳት ዘመቻው በማማዎቹ ድንጋዮች መካከል የበቀለውን ሣር ግን አልነቀልንም፤ ሥሩ ሲሳብ የኖራ ምርጉን ይዞ ይወጣል። ለደብሩ አስተዳደር አመልክተናል።

የቀሩት ማማዎች ሳይለኩ ዓመቱ አለቀ። ያለን ሜትር 5 ሜትር ብቻ ነው፤ ረጅም ጥላ በቀጠልን ቁጥር ስሕተቱ ይደራረባል። ለበዓል ድንኳን ኪራይ ገንዘብ ከተገኘ ለአንድ የ30 ሜትር ሜትር አይጠፋም። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ እስከ መስከረም ብትደርሱልን ከበሩ ማማ እንጀምራለን።