የአንድ ሠዓሊ የሒሳብ ደብተር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የሥነ ጥበብ ዲግሪ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም በሚለው ጥያቄ ላይ በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍና በተከታዩ እትም የታተመለትን መልስ ሁለቱንም በጥሞና አንብቤአለሁ። የመጀመሪያው ጸሐፊ በሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ «ሠዓሊ» የሚል የሥራ መደብ ፈልገው ስላጡ አያዋጣም ሲሉ ደመደሙ፤ መልስ የሰጡት እመቤት ደግሞ የትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሠዓሊ የጁሊ ምሕረቱ ሥዕል በኒውዮርክ ጨረታ በ10.7 ሚሊዮን ዶላር መሸጡን ጠቅሰው ያዋጣል አሉ። እኔ የሒሳብ ባለሙያ ስሆን ስለ ሥዕል የማውቀው እምብዛም ነው። ይሁንና ታናሽ ወንድሜ በ2011 ዓ.ም. በሥዕል ትምህርት በዲግሪ ተመርቆ ከወጣበት ጊዜ አንሥቶ ገቢና ወጪውን የምመዘግብለት እኔ ስለሆንኩ፣ ሁለቱም ጸሐፊዎች ያላዩት አንድ ደብተር በእጄ አለ።

የጨረታውን ነገር ቶሎ ልለፈው። በኅዳር 2016 ዓ.ም. የተከፈለው ያ ገንዘብ የገባው ሥዕሉን ቀድሞ ገዝቶ ላቆየው ሰብሳቢ ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ሥዕል ዳግመኛ ሲሸጥ ለሠዓሊው ድርሻ አይሰጥም። ወይዘሮ ጁሊም ቢሆኑ አዲስ አበባ ይወለዱ እንጂ ገና በልጅነታቸው ወደ አሜሪካ ሄደው እዚያው የተማሩ ናቸው፤ ስለዚህ ስለ እኛ አገር ዲግሪ ምስክር ሆነው ሊቆጠሩ አይችሉም። የመጀመሪያው ጸሐፊ ስለ ትምህርቱ ዕዳ ያነሡት ስሌትም እንዲሁ ከአሜሪካ የተቀዳ ይመስላል። እዚያ የግል የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለአንድ ዓመት ብቻ ከ50,000 ዶላር በላይ የሚያስከፍል በመሆኑ ተማሪው ዕዳ ተሸክሞ ይወጣል፤ ሜሪላንድ የምትኖረው ያክስቴ ልጅ ስለ ልጇ ብታማክረኝ ይህን ደብተር ጨርሶ አላሳያትም። እዚህ ግን በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ዕዳው የወጪ መጋራት ውል ላይ የፈረመው ነው፤ እሱም ከእናቱ ቤት እየተመላለሰ ለተማረ የአዲስ አበባ ልጅ ያን ያህል አይከብድም። የእኛ ሠዓሊ ሒሳብ የሚከብደው ዲግሪውን ይዞ ከወጣ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ገጽ ሲነበብ ያሳዝናል። ከምርቃት በኋላ የተገኘው ሥራ የመዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ መቀባት ነበር፤ ከላይ የፊደል ገበታ፣ ከታች አንበሳና ቀጭኔ፣ የግቢው በር ላይ ደግሞ ባለቤትየዋ ራሳቸው የመረጡት የቴሌቪዥን አይጥ። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ሲዘጉ ይህም ቆመ፤ የዓመቱ ገቢ ተደምሮ 18,400 ብር ሆነ። በዚያ ዓመት አንድም ሥዕል አልተሸጠም። ሸራ መግዣ ስላልነበረው ከመርካቶ አቡጀዴ እየገዛ፣ ጣውላ ላይ ወጥሮ፣ በኮላና በነጭ ቀለም እየለቀለቀ ይሥል ነበር።

አሁን ደግሞ 2015ን እንመልከት። ሦስት ሥዕሎች በአንድ ጋለሪ በድምሩ 150,000 ብር ተሸጡ፤ ጋለሪው 40 በመቶ ኮሚሽን ሲወስድ 90,000 ብር ቀረለት። ከልጆች መጻሕፍት ሥዕል፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥራና ከማስታወቂያ ቀረጻ ሌላ 124,000 ብር ገባ። ከ214,000 ብር ላይ የቀለም፣ የሸራና የስቱዲዮ ኪራይ 96,000 ብር ሲነሣ 118,000 ብር ይቀራል፤ ለ12 ወር ሲካፈል 9,833 ብር ነው። ከመስከረም 2018 ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ያ ቁጥር ለዚያን ጊዜ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በአማካይ የሚበላ ሰው የለም። በዚያ ዓመት አምስት ወር ባዶ ነበር፤ በአንዱ ወር ብቻ 52,000 ብር ገብቷል፤ እሱም የተቆለለ ዕዳ ከፍሎ አለቀ።

ዲግሪው በዚህ ሁሉ ውስጥ የቱ ላይ ሠራ? ይህን ለማወቅ ስል ከ2013 ጀምሮ በደብተሩ ላይ «ማን ደወለ?» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ወንድሜ ሲያየው ሳቀብኝ፤ እኔ ግን ከደብተሩ ሁሉ የተማርኩበት ይኸው ዓምድ ነው። እስካሁን ከተመዘገቡት 73 ሥራዎች 52ቱ የመጡት አብሮት ከተማረ ሰው ወይም ካስተማረው መምህር ስልክ ነው። ቅርፃ ቅርፅ የተማረችው ጓደኛው የፊልም ቤት ስትገባ የመድረክ ሥዕል ትሰጠዋለች፤ የግራፊክስ ተማሪ የነበረው ማተሚያ ቤት ሲቀጠር የመጽሐፍ ሥዕል ይልክለታል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያገኘለት አንድ መምህሩ ነው። ሥዕል ገዝቶ ዲግሪህን አሳየኝ ያለው ሰው ግን እስከ ዛሬ አልገጠመውም። ዋናውን ዲግሪ እንኳ የወጪ መጋራቱን ከፍሎ ስላልጨረሰ ገና አልወሰደውም፤ ቴምፖው፣ ማለትም ጊዜያዊ የምስክር ወረቀቱ፣ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግል ትምህርት ቤት ለሥዕል መምህርነት ሲወዳደር፣ ወጥቶ ፎቶ ኮፒ ተደርጓል።

እንደ ሒሳብ ባለሙያ የምናዘዘው ነገር አለ። ይህ ደብተር የተሟላ አይደለም። ወንድሜ የሚያድረው እናታችን ቤት ነው፤ ምሳና እራቱም ከእሷ ነው፤ ባዶ በነበሩት አምስት ወሮች የታክሲውን ሳንቲም ሳትቀር የሰጠችው እሷ ናት። የዚህን ሁሉ ዋጋ አንድም መስመር ላይ አልጻፍኩትም፤ ብጽፈው ከ118,000 ብሩ ምን እንደሚቀር ለማስላት ድፍረቱን አላገኘሁም። አብሮት የተመረቀ፣ በስዕል ፈተናም በትምህርትም ይበልጠው የነበረ የጎጃም ልጅ፣ ጉለሌ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ሁለት ዓመት ከቆየ በኋላ ብሩሹን አስቀምጦ ባንክ ገንዘብ ተቀባይ ሆኗል። የሁለቱ ዲግሪ አንድ ነው። ስለዚህ ዲግሪው ያዋጣል ወይ ብሎ ለሚጠይቀኝ ወላጅ መልሼ የምጠይቀው፣ ልጁ ከተመረቀ በኋላ አምስት ዓመት ያለ ኪራይ የሚያድርበት ቤት አለ ወይ የሚለውን ነው። በኔ ግምት ሒሳቡን የሚወስነው ከሁሉ በላይ ይህ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚጎዳው የወረቀት ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ጥፋቱ የኔም ነው። በ2014 ወንድሜ አንድ ሥዕል ለአንድ ሆቴል በ40,000 ብር ሸጠ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቲን ነምበር የምንለው፣ ስላልነበረው ሆቴሉ በሕጉ መሠረት 30 በመቶ፣ ማለትም 12,000 ብር፣ ቀንሶ ከፈለው። ቁጥሩ ቢኖረው ኖሮ የሚቀነሰው 2 በመቶ፣ 800 ብር ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስለ ቅድመ ግብር ለደንበኞች ሳስረዳ የምውል ሰው የገዛ ወንድሜን ሳልጠይቀው ቀረሁ፤ እሱም በትምህርት ዘመኑ ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ውል፣ ለሥራ ዋጋ ስለ መቁረጥ ያስተማረው ሰው አልነበረም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሠዓሊን እንደሚጠብቅ ያወቀው የሣለው አንድ ምስል ያለ ፈቃዱ ቲሸርት ላይ ታትሞ ካየ በኋላ ነው።

የገዢው ነገርም ተለውጧል። አፈወርቅ ተክሌ ወደ እንግሊዝ የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ሆኖ ሳለ ወደ ሥዕል ሲዞሩ፣ ሲመለሱ መንግሥትን የመሰለ ገዢ ጠብቋቸዋል፤ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል የዚያ ዘመን ትእዛዝ ነው። የዛሬው ተመራቂ ገዢ ግን የኤምባሲ ሠራተኛ፣ ለበዓል የመጣ ዲያስፖራ ወይም አዲስ ሕንፃ ያስመረቀ ባንክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር ሲያልፍ፣ ወንድሜ ሰኔ ላይ በ650 ብር የገዛውን ነጭ አክሪሊክ ጥቅምት ላይ 1,100 ብር ተጠየቀበት። በዶላር የሚከፍል ገዢ ያለው ጓደኛው በዚያው ሰሞን አተረፈ። ወንድሜ የሚሸጠው በብር ነበር።

ወደ ጉዳዩ የምትመለሱ ከሆነ፣ የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳውንና የጨረታውን ዜና ትታችሁ ከተመረቁ አምስት ዓመት የሞላቸውን ልጆች ደብተር ብትጠይቁ መልካም ይመስለኛል። ደብተር የሌላቸው ብዙ እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ እነሱን ማን እንደደወለላቸውና የት እንደሚያድሩ መጠየቅ ይበቃል። የወንድሜን ደብተር፣ ስሙ እስካልተጠቀሰ ድረስ፣ ለዝግጅት ክፍላችሁ ለማሳየት ከእሱ ፈቃድ አግኝቻለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ