አሮጌው ማሽን ወደ ማቅለጫ ከመሄዱ በፊት፦ ለጅማ ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ጅማ

ጉዳዩ፦ ያገለገሉ የእርሻና የወርክሾፕ ዕቃዎች በጅምላ በኪሎ ከመሸጣቸው በፊት ለአካባቢው ጠጋኝና ገበሬ እንዲቀርቡ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ከንቲባ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

በዚህ ከተማ የብየዳና የጥገና ቤት አለኝ። የተሰበረ የቡና መፈልፈያ፣ የቆመ የውሃ ሞተር፣ ከከባድ መኪና የወረደ ባሌስትራ (ጭነት የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት) እገዛለሁ፤ ፈትቼ የሚሠራውን ከማይሠራው እለያለሁ፤ የሚሠራውን ለሚፈልገው እሸጣለሁ። በከተማችን በዚህ ሥራ የሚተዳደር ሰው ብዙ ነው። ሰፈር ለሰፈር እየዞረ «ቁራሌው» ከሚለው ልጅ ጀምሮ ቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) እስካለው ባለሙያ ድረስ አንዱ ለሌላው እያቀበለ ይኖራል። የምጽፍልዎ እኛ ዘንድ መድረስ የነበረበት ዕቃ በአጠገባችን እያለፈ ስለሚቀልጥ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ሲያስወግድ ያየሁትን ልንገርዎ። ግቢው ውስጥ ለዓመታት ዝናብ የመታቸው ዕቃዎች ተደርድረው ነበር፦ ጎማ የሌለው ትራክተር፣ የዲስክ ማረሻ፣ ጄኔሬተሮች፣ የውሃ ፓምፖች፣ በአንድ ጥግ ደግሞ ሞርሳዎችና የእጅ መሣሪያ የተከማቸበት ሣጥን። ሁሉም በአንድ ሎት፣ ማለትም በአንድ ጥቅል፣ ለጨረታ ወጡ። ለጨረታው ዋስትና የሚያዘው ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ ክፍያ) የአንድ ብየዳ ቤት ባለቤት ከነቤተሰቡ ቢሰባሰብ የማያገኘው ገንዘብ ነበር። ያሸነፈው ከሩቅ የመጣ ነጋዴ ነው፤ እሱን አልወቅስም፤ የገዛው ክብደት ነውና በክብደቱ ይሸጠዋል። ሠራተኞቹ እዚያው ግቢ ውስጥ ኦክስጅን ለኩሰው ሁሉንም ለመኪና እንዲመች ቆራረጡት። ምንም ያልሆነ የፓምፕ ዘንግ ለሁለት ሲከፈል አጥሩ አጠገብ ቆሜ አየሁ። ያን መጠን ዘንግ የሚፈልግ ገበሬ በዚያው ሳምንት ወደ ቤቴ መጥቶ ነበር፤ የለኝም ብዬ ሸኘሁት።

ለእርስዎ ይህ ከአስተዳደር ጉዳዮች ሁሉ ትንሹ ሊመስል ይችላል። ግን የጅማ ሀብት ቡና ነው፣ ቡና ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ቀይ ሆኖ የተለቀመ እሸት በዚያው ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይፈላል፣ ቀማሹም ሲቀምሰው ያውቀዋል፣ ደረጃው ይወርዳል። ኅዳር ላይ የማና ወይም የጎማ ወረዳ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የማሽኑ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ሲበላ ወይም ቺንጊያ የሚዞርበት ፑሌጂያ ሲሰነጠቅ፣ እሸቱ በጆንያ ሆኖ ደጅ ይቆማል። ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቢጠበቅ መንገዱ ብቻ ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መጀመሪያ መርካቶ ውስጥ መገኘቱም ያጠራጥራል። በሌላ በኩል ብዙ ጣቢያዎች ውሃ የሚቆጥቡትን እንደ ፔናጎስ ያሉ ማሽኖች ሲያስገቡ፣ አጋርድ የሚባሉት የቀድሞዎቹ የዲስክ መፈልፈያዎች ከጥቅም ውጪ ተብለው ተጥለዋል። አጋርድ የሚጠቀሙ ጣቢያዎች ግን አሁንም አሉ። አንዱ የጣለው የሌላውን የለቀማ ወቅት ሊያተርፍ ይችላል።

መለዋወጫ የሚሆነው ደግሞ ከአንድ ዓይነት ማሽን የወጣ ብቻ አይደለም። ኩሽኔታ በቁጥር ነው የሚታወቀው። 6205 የሚል የተቀረጸበት ኩሽኔታ የውስጡ ስፋት 25፣ የውጪው 52፣ ውፍረቱ 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ የትም ሀገር ቢሠራ ልኩ አይለወጥም። ከሞተ የውሃ ፓምፕ ቢወጣም ተሽከርክሮ ድምፅ ካላሰማና ካልተንገዳገደ ለእህል ወፍጮ ይገባል። ቺንጊያም፣ ብሎንና ዳዶም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ የማይነሳ ጄኔሬተር ለእኛ ቢያንስ ጥቅል ሽቦ፣ ፑሌጂያ፣ ኩሽኔታ፣ ጥሩ አንጎላሬና ላሜራ ነው። በኪሎ ሲሸጥ ይህ ሁሉ ዋጋው ዜሮ ይሆናል።

ስለ ባሌስትራም አንድ ነገር ልጨምር። የመኪና ባሌስትራ ካርቦኑ ከፍ ያለ፣ በእሳት ግሎ በዘይት ሲነከር የሚጠነክር ብረት ነው። ማጭድ፣ ገጀራ፣ መጥረቢያና የማረሻ ጫፍ ከእሱ ሲሠራ ስለት ይይዛል። ለግንባታ ከሚውለው ከፌሮ ተራ ብረት የተሠራ ማጭድ ግን ቶሎ ይታጠፋል። በየገጠሩ ያሉት ቀጥቃጮች፣ በኦሮምኛ ቱምቱ የሚባሉት፣ ይህን ያለ ላቦራቶሪ በእጃቸው ያውቁታል። እነዚህ ሰዎች ለዘመናት በሙያቸው ሲናቁ ኖረው ነው ገበሬውን ያስታጠቁት። ዛሬ ባሌስትራ ከተራ ቁርጥራጭ ጋር ተቀላቅሎ ፌሮ ለመሆን ሲጫን፣ ቀጥቃጩ ጥሬ ዕቃ ያጣል፣ ገበሬውም የማይሆን ማጭድ ይገዛል። ያናድደኛል፤ በግልጽ ልናገር።

ዋጋውን እርስዎም ያውቁታል። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። አዲስ መለዋወጫ በአብዛኛው ከውጭ ነው የሚገባው። ሁለት ጥማድ መሬት በፓምፕ የሚያለማ ገበሬ አዲስ ፓምፕ የመግዛት ተስፋው ርቋል፤ ያለው ምርጫ ማስጠገን ነው።

የከተማው ሥጋት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሥጋቱም እውነት ነው። የመብራት ሽቦ ይሰረቃል፣ የቦይ ክዳን ይነሳል፣ የሰው ፓምፕ ከወንዝ ዳር ሌሊት ይፈታል። የ1996 የወንጀል ሕግም የተሰረቀ ዕቃ የሚቀበለውን ይቀጣል፤ መቅጣቱ ትክክል ነው። ችግሩ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሁሉ በአንድ ዓይን መታየቱ ነው። ሁለት ነገር ይለየናል፦ ደረሰኝና መዝገብ። ከመንግሥት ጨረታ የተገዛ ዕቃ ደረሰኝ አለው። ከግለሰብ የሚገዛው ደግሞ የሻጩ መታወቂያ፣ ቀኑና የዕቃው ቁጥር ተመዝግቦ ቢያዝ፣ ፖሊስ በማንኛውም ሰዓት መጥቶ ሊያገላብጠው ይችላል። እንዲህ ያለ መዝገብ በግዴታ እንዲያዝ ቢደረግ እኔ ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች እሆናለሁ።

ዳግመኛ መሸጥ የሌለበትም ዕቃ አለ። ፀረ ተባይ የነበረበት በርሜልና ጀሪካን ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ ወይም ለምግብ ዘይት አይሆንም፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ ተበስቶ መወገድ ነው ያለበት። ገበያ ላይ ግን ከነሽታው ሲሸጥ ይታያል። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የሚወጣ ዘይት ፒሲቢ የተባለ መርዝ ሊኖርበት ይችላል፤ ማንም በእጁ መንካት የለበትም። የተሰበረ ባትሪ አሲዱና እርሳሱ ቦይ ውስጥ ሲፈስ መድረሻው አዌቱ ወንዝ ነው። አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አደገኛ ቆሻሻን የሚመለከት ሕግ ነው፤ ለገበያችን ግን ስለ እሱ የነገረው ሰው የለም። ነጋዴውን ሰብስቦ አንድ ቀን ማስተማር ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

እንግዲህ የምለምንዎ ይህን ነው። በከተማው አስተዳደር ሥር ያሉ መሥሪያ ቤቶች ንብረት ሲያስወግዱ በአንድ ክምር አይሽጡት፤ ፓምፑ ለብቻው፣ ሞርሳው ለብቻው፣ ማረሻው ለብቻው በትናንሽ ሎት ይውጣ። የሚያዘውም ገንዘብ ከሎቱ ጋር ይመጣጠን። በትናንሹ ያልተሸጠው ብቻ ወደ ቁርጥራጭ ይሂድ፤ መንግሥትም ከኪሎው ዋጋ የተሻለ እንደሚያገኝ አልጠራጠርም። ማስታወቂያው በጋዜጣ ብቻ ሳይቀር በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተጽፎ ሂርማታ ገበያ ላይ በገበያ ቀን ይለጠፍ፤ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ ገበሬና ባለእጅ የሚገናኙት እዚያ ነው።

የሚሠራውን ከማይሠራው የሚለይ ባለሙያ ከየት ይመጣል ቢሉ፣ ጅማ ለዚህ አትቸገርም። የእርሻ ሜካናይዜሽን ምርምር ማዕከል አለ፣ የዩኒቨርሲቲው ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፣ የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ተማሪ እውነተኛ ሞተር ፈትቶ ቢማርበት ለእሱም ይጠቅመዋል።

ቦታም እንፈልጋለን። በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር ያሉ ሥራዎች ሲነሱ፣ ከፈረሱት ቤቶች የሚወጣው በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮና ጣውላም መሸጫ ይሻል። ከመኖሪያ ራቅ ያለ፣ ወለሉ ዘይት የማያሰርግ፣ መኪና የሚገባበት አንድ ተራ ለአሮጌ ዕቃ ይከለልልን። ኪራይ እንከፍላለን፤ ግብር ከምንሸሽ ሰዎች ጋር አይቁጠሩን።

የዞኑ መሥሪያ ቤቶችና የቡና ኅብረት ሥራ ማኅበራት በእርስዎ ሥር እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ቢሆንም ከተማው አንድ ጨረታ በትናንሽ ሎት አውጥቶ ቢያሳይ ለመከተል ይቀላቸዋል። ይህም መስከረም ሳይጠባ ቢሆን መልካም ነው፤ ለቀማ ከተጀመረ በኋላ የተገኘ መለዋወጫ ለዚያ ዓመት ቡና አይደርስም።

ከአክብሮት ጋር፣
በጅማ ከተማ የብየዳና የጥገና ቤት ባለቤት