ስለ መንግስት የፈጠራ ድጋፍ እና ስለ ማሽኖቻችን ዋጋ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣ እዚሁ ጅማ ከተማ ላላችሁም ከአጋሮ ከየቡ ከሰርቦ ከሰቃ ከሊሙና ከጌራ ለምትመጡልንም በሙሉ

ሰላም ናችሁ? አካም ጂርቱ? ቤተሰብ፣ ቡናው፣ ሁሉ ሰላም?

ሰሞኑን ወርክሾፓችን ብቅ የሚል ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው ይዞ የሚመጣው። "መንግስት ለስታርትአፕ፣ ለጀማሪ የፈጠራ ድርጅት ማለት ነው፣ ብር እየሰጠ ነው አሉ፣ እናንተም አመልክታችኋል ተብሏል፣ ታዲያ የቡና መፈልፈያው ዋጋ መቼ ነው የሚቀንሰው?" ቀብድ የከፈላችሁት ደግሞ ወደ አዲሱ ማድረቂያ ዞረን የናንተን ትዕዛዝ እንዳንተወው ሰግታችኋል። መስጋታችሁ ልክ ነው፣ ብራችሁ እኛ ጋ ነው ያለው። በየስልኩ ለየብቻ ከምንመልስ አንዴ በደንብ ጽፈን ለሁላችሁም ብንልክ ይሻላል ብለን ነው ይሄን የጻፍነው፣ ትንሽ ረዘም ይላል ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

መልሱን መጀመሪያ እንንገራችሁ። የመፈልፈያው ዋጋ በዚህ ብር አይቀንስም፣ የተከፈለ ቀብድም አይነካም፣ የመረከቢያ ቀናችሁም ያው ነው። ማመልከታችን እውነት ነው። ግን ያመለከትነው ለአዲሱ የቡና ማድረቂያ ሙከራ ነው፣ እሱም ገና መልስ አላገኘም፣ ቢገኝም ብሩ ሌላ ነገር ላይ ማዋል አይቻልም።

ችግሩ ሰው ሁሉንም "የመንግስት ብር" ብሎ አንድ ላይ ነው የሚያየው፣ አንዱ ከአንዱ ግን በጣም ይለያያል። በ2009 የወጣውን የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ታስታውሳላችሁ፣ ያ ብድር ነበር፣ አንዱ ሰርቶ ሲመልስ ሌላው እንዲወስደው የታሰበ፣ ስንቱ ልጅ ግን ስጦታ መስሎት ነበር። የልማት ባንክ የማሽን ሊዝ ደግሞ ሌላ ነው፣ እዛ ብሩ በእጃችሁ አይገባም፣ እናንተ 20 በመቶ ታዋጣላችሁ፣ ባንኩ ቀሪውን 80 ከፍሎ ማሽኑን ይገዛል፣ ከፍላችሁ እስክትጨርሱ ድረስ ማሽኑ የባንኩ ነው። ማሽን ለመግዛት ብር ያጠራችሁ ካላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ እንዲህ አይነቱን ነው፣ የስታርትአፕ ውድድር ውስጥ ገብታችሁ ጊዜ አታጥፉ፣ ፕሮፎርማ ካስፈለጋችሁ እኛ በነፃ እንሰጣችኋለን። ሌላ አገር ደግሞ መንግስት ድርሻ የሚገባበት አሰራር አለ። እስራኤል በፈረንጆች 1993 ዮዝማ የሚባል ፕሮግራም ብላ 100 ሚሊዮን ዶላር መድባ ጀማሪ ድርጅቶች ላይ ብር የሚያውሉ 10 ፈንዶች እንዲቋቋሙ አድርጋለች፣ መንግስት እስከ 40 በመቶ ያዋጣል፣ ነገሩ ከሰመረ የግል ባለሀብቶቹ የመንግስትን ድርሻ ገዝተው ለብቻቸው መቀጠል ይችሉ ነበር። እኛ ያመለከትነው ከነዚህ አንዱንም አይደለም፣ ግራንት ነው።

ግራንት አይመለስም። እዚህ ጋ ነው ሰው የሚጓጓው፣ ግን የማይመለስ ስለሆነ ነው ቁጥጥሩም የሚጠብቀው። ብሩ በአንዴ አይለቀቅም፣ በዙር ነው። ማመልከቻው ላይ እስከዚህ ጊዜ ድረስ ይሄን እናሳያለን ብለህ ትጽፋለህ፣ ያንን ካሳየህ ቀጣዩ ይለቀቃል፣ ካላሳየህ እዛው ይቆማል። እቃ ስትገዛ ሶስት ፕሮፎርማ ሰብስበህ ነው፣ እያንዳንዷ ወጪ ህጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋታል፣ የመንደር ሱቅ ላይ የተገዛ ቡሎን እንኳን ያለ ደረሰኝ አይያዝልህም። ለመፈልፈያው ላሜራና አንግል ብረት የምንገዛበት፣ ሞተርና ኩሽኔታ የምናስመጣበት፣ የቶርኖ ባለሙያ ደሞዝ የምንከፍልበት የስራ ማንቀሳቀሻ ብር ከዚህ ውስጥ አይወጣም። እሱ የሚወጣው እናንተ ከምትከፍሉት ቀብድ ነው፣ ድሮም ዛሬም። ስለዚህ ግራንቱ ቢፈቀድ ለብቻው አካውንት ነው የምንከፍትለት፣ ሁለቱ ብር እንዲገናኝ አንፈልግም።

ይሄ አሰራር የኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካ በፈረንጆች 1982 ኤስቢአይአር የሚባል ፕሮግራም ጀምራለች፣ ትልቅ የምርምር በጀት ያላቸው የፌደራል መስሪያ ቤቶች ከዛ በጀት ላይ የተወሰነ ፐርሰንት ለትንንሽ ድርጅቶች እንዲያወጡ በህግ ይገደዳሉ። ሶስት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ሀሳቡ ይሰራል ወይስ አይሰራም የሚለው ይታያል፣ በሁለተኛው ፕሮቶታይፑ፣ የሙከራ ናሙናው ማለት ነው፣ ተሰርቶ ይፈተሻል፣ ሶስተኛው ገበያ መውጣት ነው፣ እና ሶስተኛው ላይ የፕሮግራሙ ብር የለም፣ ከዛ በኋላ ደንበኛ ወይም ኢንቨስተር መፈለግ ነው። ያን ያህል ሀብት ያለው አገር እንኳን ገበያው በር ላይ ሲደርስ ያቆማል ማለት ነው። እኛም ብሩ ቢገኝ ዋጋ መቀነሻ አይሆንም የምንለው ለዚህ ነው።

ታዲያ መንግስት ለሙከራ ብሎ የማይመለስ ብር ለምን ያወጣል? አንድ ደንበኛችን፣ ትልቅ አባት ናቸው፣ "የደሀ አገር ብር በሙከራ ማለቅ አለበት ወይ" ብለው ጠይቀውናል። ጥያቄያቸው ከባድ ስለሆነ በደንብ መመለስ እንፈልጋለን፣ ለመመለስም ከጅማ መውጣት አያስፈልገንም። በፈረንጆች 1971 የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ላይ ታየ፣ አረንጓዴውን ፍሬ ገና ሳይበስል እያጠቆረ የሚያበላሸው ማለት ነው፣ በዛ ዘመን ማሳ ያላችሁ ወይ ከአባቶቻችሁ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ያኔ መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ተመራማሪዎች በበሽታው መሀል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎችን እየፈለጉ ዘር ሰበሰቡ፣ መቱ በኩል ያለው ጫካ ሳይቀር ማለት ነው፣ ከዛ በበሽታው እየፈተኑ የሚቋቋሙትን ለዩ። ዛሬ ብዙዎቻችሁ ማሳ ላይ ያሉት 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ዝርያዎች ከዛ ስራ የወጡ ናቸው። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆች 1974።

አሁን እስቲ አስቡት፣ ይሄን የትኛው ነጋዴ ነበር የሚሰራው? ቡና ተክላችሁ እስኪያፈራ ሶስት አራት ዓመት ነው፣ ከዛ ደግሞ በሽታውን ይቋቋማል አይቋቋምም ብሎ ማየት አለ፣ ምርቱ አለ፣ ጣዕሙ አለ። ከተሰበሰቡት ዛፎች አብዛኞቹ ይወድቃሉ፣ ያ ሁሉ ወጪ ነው። ተሳክቶ ዘሩ ሲወጣ ደግሞ አንዴ ያገኘው ገበሬ ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ ጎረቤቱ ለዘመዱ፣ እንዲህ መሰራጨቱ ለአገር ትልቅ ጥቅም ነው፣ ወጪውን ያወጣው ሰው ግን ብሩን ከማን ይሰበስባል? ከማንም። ስለዚህ ጥቅሙ ለሁሉም የሚደርስ ነገር ላይ መጀመሪያውን ወጪ ሁሉም በጋራ ካላወጣው የሚያወጣው የለም፣ የጋራ ኪሳችን ደግሞ መንግስት ጋ ነው ያለው። የወደቁት ዛፎች ላይ የወጣውም ብር ባከነ አንልም፣ የትኛው እንደማይሆን የታወቀው በሱ ነው። እኛ የምርምር ድጋፍ የሚባለውን ነገር ከልባችን የምንደግፈው በዚህ ምክንያት ነው፣ ብር ስላመለከትን ብቻ አይደለም።

የኛ ማድረቂያ ከዛ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነገር ነው። እሸት ቡና ሲለቀም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው፣ ጀንፈል ሆኖ፣ ከነገለባው ደርቆ ማለት ነው፣ እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች እስኪወርድ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሁለት ሶስት ሳምንት ይፈልጋል፣ በዛ መሀል ዝናብ ከመጣ ሸራ እየሮጡ ማልበስ፣ ሲያባራ መግለጥ፣ ሌሊት ማልበስ፣ ከታፈነ ይሻግታል፣ ከሻገተ ዋጋው ወረደ። ይሄን ለናንተ መንገር አያስፈልግም። እኛ የሰራነው በጸሀይ የሚሞቅ ፋን ያለው ሽፍን አልጋ ነው፣ ወርክሾፕ ግቢ ውስጥ ይሰራል። ማመልከቻው ላይ ቴክኖሎጂው ከ1 እስከ 9 ካሉት ደረጃዎች የት ነው ያለው የሚል ጥያቄ አለ፣ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ የጀመረው አለካክ ነው አሁን በየአገሩ ይጠቀሙበታል፣ 1 ገና ሀሳብ ነው 9 በስራ ላይ ውሎ የተረጋገጠ። የኛው መሀል ላይ ነው ያለው፣ ግቢያችን ውስጥ መስራቱ ጌራ ጉም ውስጥ ይሰራል ማለት አይደለም፣ አጋሮ ላይ የሚያደርቅበት ፍጥነትም ሌላ ሊሆን ይችላል። ግራንቱን የጠየቅነው ማድረቂያውን የተለያየ ከፍታ ላይ ባሉ ማሳዎች አስቀምጠን በእርጥበት መለኪያ እየለካን ከተራው አልጋ ጋር ለማወዳደር ነው። ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ አንሸጥላችሁም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስበን ነገር አለ፣ ደብዳቤው የሚደርሳቸው የወረዳና የዞን ባለሙያዎችም ስላላችሁ እንጽፈዋለን። የመንግስት በጀት ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ይዘጋል። ጥሪ ወጥቶ፣ ተገምግሞ፣ ውል ተፈርሞ፣ የመጀመሪያው ዙር ብር የካቲት ወይ መጋቢት ላይ ቢለቀቅ የኛ ቡና ከጥቅምት እስከ ጥር ተለቅሞ አልቋል፣ የሚደርቅ ቡና የለም፣ በሰኔ ደግሞ ሪፖርት አምጡ ያልተሰራበትን መልሱ ይባላል። ለአፕሊኬሽን ሰሪ ይሄ ችግር ላይሆን ይችላል፣ ኮምፒውተር ወቅት አይጠብቅም። ከእርሻ ጋር የተያያዘ ፈጠራ ግን አንድ የለቀማ ወቅት ካመለጠው ዓመት ነው የሚያመልጠው። በ2016 አዲስ አበባ ሳይንስ ሙዚየም የተካሄደው የስታርትአፕ ኢትዮጵያ ኤግዚቢሽን ስታርትአፕ የሚባለውን ነገር ለህዝብ ማሳየቱ ጥሩ ነበር፣ ወጣቱንም አነቃቅቷል፣ እኛ የምንለው ከመድረኩ ቀጥሎ ማሳ ላይ የሚደረገው ሙከራ በሰብሉ ካላንደር ይሂድ ነው። ማመልከቻችን ላይም ይሄንኑ ጽፈናል፣ የመጀመሪያው ዙር ከመስከረም በፊት ቢለቀቅልን ብለን።

ሌላው፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ሰዎች በየገበያው እየዞሩ "የስታርትአፕ ፈንድ እናስወጣላችኋለን፣ ለፎርም ይሄን ያህል፣ ሲወጣ ደግሞ ፐርሰንት" እያሉ ብር እየሰበሰቡ እንደሆነ ከናንተው ሰምተናል፣ የኛን ወርክሾፕ ስም የጠሩም አሉ። እኛ ማንንም አላክንም። እኛ ያመለከትንበት ጥሪ የማመልከቻ ክፍያ የለውም፣ ደግሞ ማመልከቻ ማለት ስለ ስራህ ራስህ የምታውቀውን መጻፍ ነው፣ ማሳህን አይቶ የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ይጽፍልሃል? ልጆቻችሁ የራሳቸው ሀሳብ ካላቸው ይምጡ፣ እኛ የጻፍነውን እናሳያቸዋለን፣ በጀቱን እንዴት እንደከፋፈልን ጭምር። ምንም አይከፍሉም።

ስለ ቪዲዮም ትንሽ እንበል። ማድረቂያውን በስልክ እየቀረጻችሁ ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ለመልቀቅ የፈለጋችሁ ነበራችሁ፣ ስላደነቃችሁልን ደስ ይለናል፣ ግን ውስጡን እንዳትለቁብን እንለምናለን። ለአእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን የአነስተኛ ፈጠራ ጥበቃ ልናመለክት ነው፣ ለእንዲህ አይነቱ የሚሰጠው ጥበቃ 5 ዓመት ሆኖ ለሌላ 5 ዓመት ሊታደስ ይችላል፣ ሳናመለክት ነገሩ አደባባይ ከወጣ ግን አዲስ ነው ብሎ ማስረዳቱ ከባድ ነው። ከውጪ አንሱት ችግር የለውም።

አሁን ከናንተ የምንፈልገው። ገምጋሚዎቹ ቴክኒኩን ብቻ አይደለም የሚያዩት፣ ይሄን ማሽን የሚፈልግ ሰው በእርግጥ አለ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ማድረቂያውን በመጪው ለቀማ ማሳችሁ ላይ ለመሞከር ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁንና ቀበሌያችሁን አስመዝግቡ፣ በተለይ ጌራና ደዶ በኩል ከፍ ያለ ቦታ ያላችሁ ብትኖሩ በጣም እንፈልጋችኋለን፣ ከዛ በኩል እስካሁን የተመዘገበ ሰው ጥቂት ነው። ለሙከራው ብር አንጠይቅም። የምንጠይቀው ሙከራው ላይ የሚውለው ቡና ከሌላው እንዳይቀላቀል ለብቻ እንድትይዙልን፣ በየቀኑ ጠዋትና ማታ የእርጥበት መለኪያውን ንባብ ደብተር ላይ እንድትጽፉልን፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ ያያችሁትን እንዳለ እንድትነግሩን ነው። ቡናው በኛ ማድረቂያ ምክንያት ከተበላሸ በዕለቱ የገበያ ዋጋ እንከፍላለን፣ ይሄም በጽሁፍ ውል ይያዛል።

ግራንቱ ካልተፈቀደ ሙከራውን አንተወውም፣ ግን በትንሽ ቦታ ነው የምንጀምረው፣ አንድ ሁለት ማሳ ላይ ብቻ፣ ስለዚህ ቀድሞ የተመዘገበ ቅድሚያ ያገኛል። መልሱ ሲመጣ ተፈቀደም ተከለከለም በዚሁ መንገድ እናሳውቃችኋለን።

መፈልፈያ ያዘዛችሁ ደግሞ አብሽሩ፣ ተራችሁን ጠብቃችሁ የቀብድ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ከመረከባችሁ በፊት እሸት ቡና አምጥታችሁ ፊታችሁ እንፈትሸዋለን፣ ፍሬ የሚሰብር ከሆነ እዛው እናስተካክላለን። መለዋወጫ የምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት ዝግ ነን፣ በሌላው ቀን እስከ ማታ 12 ሰዓት አለን።

ከአክብሮት ጋር
የወርክሾፑ ሰራተኞች በሙሉ፣ ጅማ