ሕመም የራውንድ ሰዓት አይጠብቅም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ካንሰር ሕክምና ሲጻፍ የማነበው በአብዛኛው ስለ ጨረር መሣሪያና ስለ ስፔሻሊስት ሐኪሞች እጥረት ነው። እውነት ነው፤ ሆኖም እናቴን በአንድ ሆስፒታል ሰባት ሳምንት ያስታመምኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ሌሊቱን ከሕመምተኛው አጠገብ ስለሚያነጉት ነርሶች ጥቂት እንድል ይፈቀድልኝ።

የማስታገሻ ሕክምና (የጽኑ ሕመምተኛን ሥቃይ የሚያቀልለው ሕክምና) ሲባል «ተስፋ ተቆርጧል» ማለት ይመስለኝ ነበር። እናቴ በጠየቋት ቁጥር «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስለምትል፣ ራውንድ የሚዞሩት ሐኪሞች ይህንኑ ጽፈው ያልፉ ነበር። የማስታገሻ ቡድኑ ሲስተር ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አምስት ጣቶቿን ዘረጋችና «እማማ፣ ሕመሙ በጣት ቢቆጠር ስንት ይሆናል?» አለቻት። እናቴ ዝም ብላ አራት ጣቷን አነሣች። በማግሥቱ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሆነው የሚጠጣ ሞርፊን በየአራት ሰዓቱ ታዘዘላት፤ መድኃኒቱ ሆድ እንደሚያደርቅ ነግራን ማለስለሻው አብሮ እንዲታዘዝ ያሳሰበችውም፣ የደረቀ አፏን በእርጥብ ጨርቅ እንዴት እንደምናረጥብ ለእኅቴ ያሳየቻትም ይህችው ሲስተር ናት። (የበሽታውን ስም ከእናቴ ደብቀን ኮሪደር ላይ ስናንሾካሹክ አግኝታ፣ «ማወቅ የምትፈልገውን መጀመሪያ እርሷን ጠይቋት» ያለችንን አልረሳውም።)

አንድ ቅዳሜ ሌሊት ሕመሙ በረታ። ሲስተሯ ምን እንደሚበጅ ብታውቅም መጠኑን ለመጨመር የሐኪም ትእዛዝ ያስፈልግ ስለነበር፣ ተረኛው ሐኪም ከድንገተኛ ክፍል እስኪመጣ ነጋ። በአምስተኛው ሳምንት ደግሞ በተለመደው የነርሶች ዝውውር ወደ ሌላ ክፍል ተመደበች፤ በእርሷ ቦታ የተተካችው ነርስ ትጉህ ብትሆንም የማስታገሻ ሕክምና ሥልጠና አልወሰደችም ነበር።

ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ደንብ በማስታገሻ ሕክምና ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዝዙ ፈቅዳለች። በእኛም አገር የማስታገሻ ሕክምና የሚሰጠውን ድርጅት፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረቱት ነርስ ናቸው። ስለዚህ የሚመለከታቸው አካላት፣ ሐኪሙ አስቀድሞ በወሰነው ልክ ውስጥ የሠለጠነች ነርስ መጠኑን እንድታስተካክል ቢፈቅዱ፣ የቡድኑን ነርሶችም ከዓመታዊው ዝውውር ቢያስቀሩ፣ አዲስ ሕንፃም ሆነ ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም። መድኃኒቱ ላልተገባ ጥቅም ይውላል የሚለው ስጋት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን በነበርንበት ክፍል የሞርፊኑን ቁም ሣጥን ቁልፍ የምትይዘውም፣ እያንዳንዷን ሚሊ ሊትር መዝገብ ላይ አስፍራ የምትፈርመውም ያችው ነርስ ነበረች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አስታማሚ፣ ከአዲስ አበባ