ፖርሽ 914 ላላችሁ አባላት፦ የወለሉን ቱቦዎች እዩዋቸው

ሰላም ለሁላችሁም፣

በ914 ወለል መሃል የሚያልፉት የነዳጅ መስመሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ፕላስቲክ ናቸው። መኪናው መመረት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ ፕላስቲኩ ስንት ዓመት እንደሞላው አስሉት። በጣት ጠምዘዝ ስታደርጉት ቀጭ ካለ አበቃለት። በአይዝጌ ብረት ቱቦ ቀይሩት። ጫፍና ጫፉ ላይ የሚገባውን ጎማም አብራችሁ ለውጡ። መኪናችሁ ኢንጀክሽን (ነዳጁን በግፊት የሚረጭ) ከሆነ ግፊቱን የሚችል ጎማ ይሁን፤ የካርቡሬተር ጎማ እዚያ አይሆንም።

ከተከፈተ አይቀር የፍሪሲዮን ካቦ የሚያልፍበትን ቱቦ ነቅነቅ አድርጉት። ብየዳው ከለቀቀ ፔዳል በረገጣችሁ ቁጥር ቱቦው ራሱ ይንቀሳቀሳል። ያኔ ካቦ ሲቀይሩ መዋል ትርፉ ድካም ነው፣ ፍሪሲዮኑ አይስተካከልም።

ብየዳ ካስፈለገ ግን መጀመሪያ ነዳጁን አራግፉ፣ ታንከሩን አውጡ፣ አሮጌውን መስመርም ንቀሉ። በዚህ ቀልድ የለም! ባትሪውንም ፍቱ።